የኦኬ አባቶች

ባለፈው ገና አክስቴ ቤት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ቃል ምክንያት ሦስት ጊዜ ዶሮ ወጥ ተጨመረባት። ‹ተጨመረላት› ልል ፈልጌ ተሳስቼ አይደለም፤ ተጨመረባት ነው።

ልጅቱ የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አስተማሪዎቿን ጥቂት ቀን አስፈቅዳ ገናን ከአያቷ ጋር ልትውል ከእናቷ ጋር መጣች። አማርኛ ትሰማለች። ለመናገር ግን ታፍራለች፤ በመጣች ማግስት ‹ጠገብኩ› ለማለት ‹ጠበቅኩ› ብላ ቤቱ ሙሉ ስለተሳቀባት ከዚያ ወዲህ ነገር ሲጠናባት ወደ እንግሊዝኛዋ ትሸሻለች።

አክስቴ እንግሊዝኛ አልተማረችም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ሳይማርም የሚለቃቅማቸው ቃላት አሉ፤ ሃሎ፣ ባይ፣ ሶሪ፣ ኦኬ። ከእነዚህም ኦኬን እንደ ቤት ልጅ ነው የምታየው። በእሷ ዘንድ ኦኬ ማለት እሺ ማለት ነው፤ እሺ ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም።

«ልጨምርልሽ እናቴ?» አለች ጭልፋዋን ድስቱ አፍ ላይ ይዛ።

«አይም ኦኬ» አለች ልጅቱ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በትህትና።

ኦኬ ከተባለ ጭልፋው ወረደ። አንድ መላላጫ፣ አንድ እንቁላል፣ ቅቤው ከላይ የጠለለበት ቁሌት። ልጅቱ የወረደላትን አየች፣ አያቷን አየች፣ ነውር እንዳይሆንባት አንገቷን ደፍታ በላች። ከፊቷ ያለው ጎደል ሲል ጭልፋው ተመልሶ መጣ።

«ኖ፣ ኖ፣ አይም ኦኬ!»

አክስቴ ‹ኖ›ውን እንደ ይሉኝታ፣ ‹ኦኬ›ውን እንደ ልቧ ቆጠረችው። እኛ ቤት የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ ያሳደጋትን ሰው ጨዋነት የሚያስመሰክር ሥነ ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ልጅቱ «አይም ሪሊ፣ ሪሊ ኦኬ» ብላ ለመነች። ሪሊ የሚለው ቃል ለአክስቴ እንግዳ ቢሆንም ልመና መሆኑ አልጠፋትም፤ ስለዚህ ሁለት ጭልፋ ጨመረችላት። እኔ ገብቼ ማስተርጎም ሲገባኝ ውሃ ትን ብሎኝ ነበር።

እናትየው ከጓዳ ብቅ ስትል ልጇን ከወጥ ክምር ፊት ዓይኗ እንባ አቅርሮ አገኘቻት። ነገሩ ከተጣራ በኋላ አክስቴ ተበሳጨች። «ኦኬ አላለችም? ብላለች! ሰው ሁሉ ሰምቷል» ብላ ወደኛ ዞረች። ሰምተናል። ብላለች። ማንም መካድ አልቻለም።

ፍርዱን ለመስጠት እኔም ሞክሬ አቅቶኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ትክክል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቀርቦለት «አይም ኦኬ» ያለ ሰው ‹ያለሁበት ይበቃኛል፣ ይቅርብኝ› ማለቱ ነው። ያው ሰው ደረጃ ላይ ተደናቅፎ ጉልበቱ ተልጦ «አይም ኦኬ» ሲል ‹አልተጎዳሁም› ማለቱ ነው። እናቱ ‹ስልክህን አስቀምጥና ተኛ› ስትለው «ኦኬ» ካለ እሺ ብሏል። «ኦኬ፣ ኦኬ» ካለ ‹ሰምቻለሁ አትጨቅጭቂኝ› ነው። «ኦኬ?» ብሎ ጫፉን ካነሳው ‹ገብቶሃል ወይ?›፤ «ኦኬ…» ብሎ ከጎተተው ‹ምን ነካህ አንተ ሰው?› ይሆናል። አለቃ ‹ኦኬ ሰጠ› ሲባል ፈቃድ ነው። ‹ኦኬ፣ እንጀምር› ሲባል ደግሞ ምንም አይደለም፤ ጉሮሮ መጥረግ ነው። አንድ ቃል እሺም እምቢም ሆኖ እየኖረ አገሬው ሳይጋጭ መዋሉ ነው የሚገርመኝ።

ሌላም ጉድ አለው። በማግስቱ ጎረቤት መጥታ «የአያትሽ ወጥ እንዴት ነበር?» ብትላት ልጅቱ በቅን ልቦና «ኢት ዋዝ ኦኬ» አለች። እናትየው አንድ አፍታ ዝም ብላ «በጣም ጣፍጧታል» ብላ ተረጎመች። መልካም አደረገች። አሜሪካኖች ምስጋናቸውን ያንሩታል፤ ተራ ሳንድዊች ‹ኦሰም› ነው፣ የሰፈር ቡና ‹አሜዚንግ› ነው። በዚያ መሰላል ላይ ‹ኦኬ› የመጨረሻው እርከን ላይ ቁጭ ያለ ነው፤ ‹አልታመምኩበትም› እንደማለት። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ሲቁላላ፣ ዶሮው 12 ቦታ ተበልቶ በሎሚና በጨው ሲታጠብ ያደረ ሰው ይህን ቢሰማ በገና ቀን ሌላ ጦም ይገባ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ቃል ከየት መጣ ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትም ሎተሪ የወጣለት የሙት ልጅ ነው። ድሃ ሆኖ በየሰው ደጅ ሲንከራተት ዘመዴ ያለው አልነበረም። አልፎለት ዓለምን ሲዞር ግን ከአራቱም ማዕዘን ‹ልጄ ነው› የሚል አባት ተሰለፈ።

ግሪኮች መጡ፦ ‹ኦላ ካላ› እንላለን፣ ሁሉ መልካም ማለት ነው፣ የመጀመሪያ ፊደሎቹን ቁጠሯቸው አሉ። ስኮትላንዶች ‹ኦኽ አይ› የምንለው እሺታ ነው ልጁን የወለደው አሉ። ፊንላንዶች ‹ኦይኬአ› ማለት ልክ ማለት ነው ብለው መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ። ፈረንሳዮች ደግሞ፣ ፈረንሳይ ናቸውና፣ ነገሩን ፍቅር ጨመሩበት፤ መርከበኛ ከልጃገረድ ጋር ወደብ ላይ ሲቀጣጠር ‹ኦ ኬ› ይላል፣ ወደ መርከብ ማቆሚያው ማለት ነው አሉ። የጭነት ባቡር ላይ ስሙን በሁለት ፊደል እያሳጠረ ይፈርም የነበረ ኦባዳያ ኬሊ የሚባል ሠራተኛ ነው ያሉም አሉ። ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፣ ዜሮ ሙት ማለት ነው ያሉም አልጠፉም። በጣም የምወደው ግን የብስኩቱን አባት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለወታደር ብስኩት ያቀርብ የነበረ ኦሪን ኬንዳል የሚባል ሰው የስሙን መነሻ ፊደላት ብስኩቱ ላይ ያትም ነበርና ቃሉ ከዚያ ወጣ ይላሉ። ጦርነቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው፤ ኦኬ በጋዜጣ የታተመው ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ ነው። ልጁ አባቱን በ22 ዓመት ይበልጠዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ የልጅነት ክስ ፍርድ ቤት እንኳ አይከፈትለትም።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ የሚነኩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የምዕራብ አፍሪካው ነው። ዴቪድ ዳልቢ የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በሴኔጋል የሚነገረው ወሎፍ ‹ዋው ኬ› የሚል አነጋገር እንዳለው፣ ትርጉሙም ‹አዎን፣ እንዴታ› እንደሆነ ጠቅሶ ቃሉ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር ውቅያኖስ ሳይሻገር አልቀረም አለ። ሁለተኛው የቾክቶዎች ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በቋንቋቸው ‹ነው፣ እንዲሁ ነው› የሚል ማሰሪያ አለ፤ ድምፁ ኦኬ ይመስላል። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ይህን አምኖ ሰነድ ሲያጸድቅ ቃሉን በቾክቶ አጻጻፍ ነበር የሚጽፈው። እ.ኤ.አ. በ1830 በወጣው ሕግ ከርስታቸው ተነቅለው ወደ ምዕራብ የተነዱትም እነዚሁ ቾክቶዎች ናቸው። መሬቱን ወስደው ‹ቃላችሁንስ የወሰድነው ከናንተ ነው› ማለት ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ እንጃ።

በዚህ መሀል አንድ ነጋዴም ተጠቀመ። ጀርመን ተወልዶ ኒው ዮርክ የከተመ ኦቶ ሃይነማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 የሸክላ ኩባንያ ሲያቋቁም የስሙ መነሻ ፊደላት ተደምረው ያንኑ የቾክቶ አጻጻፍ ቁጭ አድርገው ሰጡት። ‹ኦኬ ሪከርድስ› አለው። ማሚ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ‹ክሬዚ ብሉዝ›ን ያስቀረጸችው እዚያ ነው። ከአባቶቹ ሁሉ በልጁ ገንዘብ ያገኘው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኛም አልቀረንም። ሰፈራችን ቡና የምንጠጣበት ቦታ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። የገናውን ታሪክ ሳወራ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ኦኬ የእኛ ነው» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ምህጻረ ቃል ነው። እግዜር ከፈቀደ! እ.ከ.! ፈረንጁ አፉ አልገራለት ብሎ ነው ኦኬ ያደረገው።»

ማስረጃ ብጠይቃቸው አልደነገጡም። «ማስረጃውማ ትርጉሙ ነው። ቧንቧ ሠሪው ‹እሺ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ› ሲልህ ምን ማለቱ ነው? እግዜር ከፈቀደ ማለቱ አይደለም?» ቧንቧዬ በዚያን ሰሞን ሁለተኛ ሳምንቱን እየተንጠባጠበ ስለነበር ልከራከራቸው ድፍረት አጣሁ። ከብስኩቱ ይሻላል።

እውነተኛው አባት ግን ታውቋል፤ ማንም ያልወደደውም ለዚህ ነው። አባቱ ቀልድ ነው። ያውም ደህና ቀልድ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ፣ እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ሳለ፣ በቦስተን ጋዜጠኞች ላይ አንድ አመል ወጣባቸው። ሐረጉን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ያስቡና የተሳሳተውን በሁለት ፊደል ያሳጥሩታል። በእኛ ፊደል ላሳያችሁ። ‹ሁሉም ትክክል› ለማለት ፈልጋችኋል እንበል። እንደ መሃይም ‹ኹሉም ጥክክል› ብላችሁ ትጽፉትና ወደ ‹ኹ.ጥ.› ትቆርጡታላችሁ። አንባቢ ፈቺ ሆኖ ይስቃል። ኦኬም እንዲሁ ነው፤ ‹ኦል ኮሬክት› በትክክሉ ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው፤ እነሱ ኦ እና ኬ አደረጉት። ‹ሁሉም ትክክል ነው› የሚል ጽሑፍ ሁለት ፊደል ኖሮት ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ቀልዱ ያ ብቻ ነው። በአማርኛ ይህ ቀልድ አይያዝም ነበር፤ እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን ቁም ነገር ላይ ስለምናቀያይራቸው ማን ሆን ብሎ እንደሳተ አይለይም።

መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት በተባለው ጋዜጣ ነው። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ይባላል። በሌላ ከተማ ጋዜጣ ላይ ለማላገጥ በጻፋት አጭር ማስታወሻ ውስጥ ቃሉን ወርወር አድርጎ ፍቺውን ከጎኑ አኖረለት። ወንድሞችም ነበሩት፤ ‹ደህና ነው› ለማለት ኦ.ደብልዩ.፣ ‹ጥቅም የለውም› ለማለት ኬ.ዋይ. የሚባሉ፣ ከዚያው ማሕፀን የወጡ፣ በፊደል ስህተት የተፀነሱ። ሁሉም በጥቂት ዓመት ሞቱ። ኦኬም ይሞት ነበር፤ ምርጫ ደረሰለት።

እ.ኤ.አ. በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ ተነሳ። የተወለደው ኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል መንደር ስለሆነ ደጋፊዎቹ ‹ኦልድ ኪንደርሁክ› አሉት፤ ሽማግሌው ኪንደርሁክ እንደማለት። የሁለቱን ቃላት መነሻ ፊደል ሲያዩ ያ የጋዜጣ ቀልድ ትዝ አላቸውና የኦኬ ክበብ አቋቁመው በየአዳራሹ ይጮኹበት ጀመር። ሰውየው ራሱ እቤቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቋንቋ ደች ነው፤ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሁሉ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ እሱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛን ዓለም ላይ ያዞረውን ቃል በትከሻው የተሸከመው ሰው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አልነበረም።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ዝም አላሉም። ‹ቃሉ የመጣው ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከአንድሩ ጃክሰን ነው፤ ፊደል ስለማያውቅ ሰነድ ሁሉ ላይ ትክክል ለማለት ኦኬ ብሎ ይጽፍ ነበር› ብለው አስወሩ። ወሬው የፈጠራ ነው። ግን ፈጠራ ወሬ ቃልን ከእውነት ይበልጥ ያሯሩጣል፤ አገር ሙሉ ኦኬን አወቀ። ቫን ቢዩረን ተሸነፈ። ያሸነፈው ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በተሾመ በወሩ ሞተ። ከዚያ ምርጫ ወንበሩን ይዞ የቆየ ኦኬ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያሳደገው ቴሌግራፍ ነው። ሽቦው ላይ ጣት የሚያንቀጠቅጥ ሠራተኛ ‹መልእክትህ በደህና ደርሶኛል› ብሎ ለመመለስ ጊዜም ጉልበትም የለውም፤ ሁለት ፊደል ከመታ አለቀ። የኦኬ ጠባይ የተፈጠረው እዚህ ይመስለኛል። ‹ተስማምቻለሁ› አይደለም የሚለው፤ ‹ደርሶኛል› ነው። ጥሩ ነው አይልም፣ መጥፎ ነው አይልም፣ ደስ ብሎኛል አይልም። ሌሎች ቃላት ሁሉ ሲናገሩ ትንሽ ልብ ያዋጣሉ፤ ኦኬ አምስት ሳንቲም አያወጣም። ለዚህ ነው የትም አገር ገብቶ ያልከበደው።

ጨዋ ጸሐፊዎች ግን ለረጅም ጊዜ ደጃቸውን ዘግተውበታል። ሉዊዛ ሜይ አልኮት በታወቀው ‹ሊትል ዊሜን› መጽሐፏ ውስጥ አንዷን ገጸ ባሕርይ በደብዳቤ ኦኬ አስብላት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1880 በተሻሻለው እትም ላይ ቃሉ ተነቅሎ ሌላ ተተካ። ከ89 ዓመት በኋላ ግን የተባረረው ቃል ከሰው ልጅ ጋር ጨረቃ ደረሰ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 11 መንኮራኩር እግር አፈሩን ሲነካ በዝ አልድሪን ሞተሩ መጥፋቱን ሲያረጋግጥ ከአፉ ከወጡት ቃላት አንዱ ኦኬ ነው። የኒል አርምስትሮንግ ያማረ ንግግር የመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የዘር ሐረግ ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። የቆዩ ጋዜጦችን ሲያገላብጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ‹አሜሪካን ስፒች› በተባለው መጽሔት ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። የመዝገበ ቃላት ሰዎች ተቀበሉት። ሌላው ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ ብስኩቱን፣ መርከበኛውንና ዜሮ ሙቱን ያወራል። አይፈረድበትም። ዓለምን ያዳረሰ ልጅ አባቱ ባለ ጎራዴ ጀግና ቢሆን ይወደዳል እንጂ በቅዳሜ ጋዜጣ ላይ የወጣ የፊደል ግድፈት ነው ሲባል ማን ደስ ይለዋል?

ሰው መቼም ቋንቋ ሲያገላብጥ ቤቱን ማየቱ አይቀርም። የእኛው እሺ ከኦኬ ያነሰ ጠማማ አይደለም። ‹እሺ ይበልጣል ከሺ› ብለን ዋጋ ተምነንለታል፤ እቃውን ማስረከብ ላይ ነው ችግሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ማህተም አራት ቀን ተመላልሼ አራቱንም ቀን የተሰጠኝ መልስ እሺ ነበር። እምቢ ያለኝ ሰው የለም፤ ማህተሙም የለም። እናት እንግዳ ፊት ላጠፋ ልጇ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሺ» ካለችው ልጁ የመሸሸጊያ ቦታ ማሰብ ይጀምራል። «እሺ፣ ከዚያስ?» የወሬ ማገዶ ነው። ስልክ ስንዘጋማ አታንሱት፤ «እሺ፣ እሺ በቃ፣ እሺ፣ ቻው፣ እሺ፣ እሺ ቻው ቻው» ብለን አምስት እሺ ከፍለን ነው ከመስመሩ የምንወጣው። ያም ባይበቃን አየር ወደ ውስጥ ስበን ‹እ!› የምንላት አለች፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ፈረንጅ ደነገጡ እንዴ ብሎ ወደ ኋላው ይዞራል።

ሁለቱ ቃላት ዛሬ ስልኬ ውስጥ ተጋብተው ይኖራሉ። ቋንቋውን አማርኛ ካደረግኩት ወዲህ ፈረንጁ ኦኬ ሲል የነበረበት ቁልፍ ሁሉ እሺ ይላል። «ማከማቻዎ ሞልቷል» ይለኛል፤ ከሥሩ አንድ ቁልፍ፦ እሺ። እሺ አላልኩም። ምን ላድርግ ነው? ‹ኧረ ተው› የሚል ቁልፍ ቢኖር እሱን እጫን ነበር።

ያ ቁልፍም ታሪክ አለው። የአፕል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊሳ የተባለውን ኮምፒውተራቸውን ሲሠሩ ቁልፉ ላይ ‹ዱ ኢት› ብለው ነበር፤ አድርገው ማለት ነው። ሊሞክሩት የመጡት ሰዎች ግን ቁልፉን ለመጫን ያንገራግራሉ። አንዱ በመጨረሻ ተናደደና ማሽኑ ለምን ደደብ ይለኛል አለ። ለካ ሁለቱ ቃላት በጣም ተጠጋግተው፣ ትልቁ አይ ደግሞ ከትንሿ ኤል ጋር እየተመሳሰለ፣ ‹ዶልት› ተብሎ ይነበብ ኖሯል፤ ትርጉሙ ደደብ ነው። በኦኬ ተኩት። ቁጣው በረደ። ኦኬ ማንንም አይሳደብም፤ ማንንም አያመሰግንም እንጂ።

በእጅ ምልክት ሲሆን ግን ይሳደባል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ክብ ሲሠሩ ለባሕር ጠላቂ ‹ደህና ነኝ› ነው፣ ለጃፓን ገንዘብ ነው፣ ብራዚል ውስጥ ግን ባለጌ ስድብ ነው። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ብትጓዙ ይሻላል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ልጅቱ ወደ አገሯ ከገባች በኋላ አክስቴ ስማርት ስልክ ተገዝቶላት በቴሌግራም ድምፅ መላክ ተማረች። ባለፈው እሑድ አራት ደቂቃ የፈጀ ምርቃት ላከችላት፤ እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ትምህርትሽን ያቅናልሽ፣ ፀጉርሽን ቅቤ ተቀቢ። መልሱ ሲመጣ መነጽሯን አጥታ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ምን አለች?»

«ኬ» አልኩ።

«እህ፣ ከዚያስ?»

«አለቀ። ኬ ብቻ ነው።»

አክስቴ ጥቂት አሰበች። «ኦ የምትለዋ የት ሄደች?»

ዛሬ ወጣቶቹ ኦኬን ራሱን ያሳጥሩታል፣ ሁለት ፊደል በዝቶባቸው አንዷን ጥለዋታል፣ ብቻዋን የቀረችው ኬ ደግሞ በእነሱ ዘንድ ኩርፊያም ልትሆን ትችላለች ብዬ ላስረዳት አስቤ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። «ተቀብያለሁ፣ አሜን ማለቷ ነው» አልኳት። እናትየው በገና ማግስት እንደተረጎመችው ተረጎምኩ።

«እሺ» አለች አክስቴ። የትኛው እሺ እንደሆነ አላወቅኩም።

ለፋሲካ ልጅቱ ተመልሳ ትመጣለች ተብሏል፤ እናትየው ‹ጠገብኩ› የሚለውን ቃል በስልክ እያስጠናቻት ነው፤ ገ ላላ ሳይል፣ ጠበቅ ብሎ። እናንተም አክስቴ ቤት ከተጋበዛችሁ በአማርኛ ‹በቃኝ› በሉ፣ ሦስቴ በሉ፣ በእጃችሁም ከልሉ፣ ቢያስፈልግ ተነሱና ታጠቡ። ኦኬ የምትለዋን ግን እንዳትነኳት፤ ጭልፋው እዚያው ድስቱ አፍ ላይ ነው።